«ማርያም ማረችኝ» የሚለውን በየትኛው ኮድ እንጻፈው?

 

የማነሣው ጉዳይ ስሙ ደረቅ ነው፤ ውስጡ ግን የሰው ድምፅ ሞልቶበታል። ሰዎች ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ወሊዳቸው፣ ስላከማቸው ሐኪም በገዛ አንደበታቸው የሚነግሩንን ነገር እኛ ተመራማሪዎች ምን እናደርገዋለን? ከቴፑ ወጥቶ ፖሊሲ አውጪው ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ በማን እጅ፣ በምን ሚዛን ያልፋል? በመካከሉ ያለውን መሣሪያ ባለሙያዎቹ «ኮድቡክ» ይሉታል። እኔ ዛሬ «የኮድ መዝገብ» እለዋለሁ። መጀመሪያ መዝገቡ ለምን እንዳስፈለገ እናገራለሁ፤ ከዚያ የአንዲት እናት ንግግር ይዘን ሥራውን አብረን እንሠራለን፤ ቀጥሎ መዝገቡ በየትኛው ቋንቋ መጻፍ እንዳለበት ያለኝን አቋም እገልጻለሁ።

ከቁጥር ልጀምር። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2011 10፣ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደረሱ። ከዚህ ጀርባ ትልቅ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በየቀበሌው ተሠማርተው ቤት ለቤት ዞረዋል። ቁጥሩ ይህን ሁሉ ሲያሳይ ደስ ይላል። ነገር ግን በ2019ም ቢሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወሊድ ከጤና ተቋም ውጭ ነበር። ለምን? ይህን ጥያቄ ስንጠይቅ ቁጥር ብቻውን አያደርሰንም።

በ2011 ጥናት እናቶቹ በጤና ተቋም ያልወለዱበት ምክንያት ተጠይቆ ነበር። ከመቶ 61ዱ «አያስፈልግም» ብለዋል፤ 30ዎቹ ደግሞ «ልማዳችን አይደለም»። እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ «እንግዲህ ማስተማር ነው የቀረን» ብዬ ነበር። አያስፈልግም የሚል ሰው ጥቅሙን ያላወቀ ሰው ነው ብዬ ስላሰብኩ ነው። በኋላ እናቶችን ራሴ ቁጭ ብዬ ሳነጋግር ግን «አያስፈልግም» የሚለው ቃል ትልቅ ሞሰብ ሆኖ አገኘሁት፤ ክዳኑ ሲነሣ ከሥሩ ብዙ ነገር አለ። አንዷ «አያስፈልግም» የምትለው የመጀመሪያዎቹን አራት ልጆች ያለ ችግር ስለወለደች ነው። ሌላዋ ባለፈው ጊዜ የገጠማትን ቁጣ ለማታውቀው ጠያቂ መንገር ስላልፈለገች ነው። ሌላዋ ደግሞ ገንዘብ የለኝም ማለት አፍሯት ነው። መጠይቁ ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን ሁሉንም በአንድ ምልክት ተቀብላ ዝም ትላለች። ሳጥኗን የማነሣት ጥናቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ አገርን የሚያህል ጥናት ያለ ሳጥን አይሠራም። ማለት የፈለግሁት፣ ሳጥኗም ራሷ ኮድ መሆኗን ነው፤ ሰው ከመናገሩ በፊት የተዘጋጀ ኮድ።

ዓይነታዊ ጥናት መንገዱን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ይሰማል፣ ከዚያ ስም ያወጣል። ከአንዲት እናት ጋር የተደረገ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ሃያና ሠላሳ ገጽ ይወጣዋል። ሠላሳ እናቶችን ያነጋገረ ቡድን እንግዲህ ጠረጴዛው ላይ ከስድስት መቶ እስከ ዘጠኝ መቶ ገጽ አለው። ይህን ሁሉ አንብቦ «እናቶቹ እንዲህ አሉ» ለማለት እያንዳንዱን ንግግር ቆራርሶ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አጭር መጠሪያ መስጠት ያስፈልጋል። መጠሪያው ኮድ ነው። ኮዱ ምን ማለት እንደሆነ፣ የትኛውን ንግግር እንደሚያካትትና የትኛውን እንደማያካትት ተጽፎ የሚቀመጥበት ሰነድ ደግሞ የኮድ መዝገብ ነው።

ሥራው ረጅም ታሪክ አለው፤ ሁሉን አልዘረዝርም። ባርኒ ግሌዘርና አንሴልም ስትራውስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሶሲዮሎጂ ሊቃውንት በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሆስፒታሎች ሞት የቀረባቸው ሕሙማን፣ ነርሶችና ሐኪሞች እንዴት እንደሚነጋገሩ አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ንድፈ ሐሳብን ከሰዎች ንግግርና አኗኗር ማውጣት እንደሚቻል የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። የጤና ምርምር ዛሬም የእነሱ ባለዕዳ ነው። የኮድ መዝገብን አሠራር በግልጽ ያስቀመጠው ግን ካትሊን ማክኩዊንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰው ሆኖ አንድ መረጃ ሲተነተን አንዱ የሚለው ለሌላው እንዲገባው፣ ለእያንዳንዱ ኮድ ስድስት ነገር ይጻፍለት አሉ፦ ስም፣ አጭር ፍቺ፣ ሙሉ ፍቺ፣ መቼ እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደማይሰጥ፣ ምሳሌ። ከስድስቱ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል አምስተኛውን እይዛለሁ። ኮድ ወሰኑ የሚታወቀው የማይገባው ነገር ሲጻፍ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የማነብላችሁ ንግግር የማንም ግለሰብ ቃል አይደለም። የሰው ምስጢር አደባባይ እንዳይወጣ፣ ከብዙ እናቶች አነጋገር ለዚህ ምሽት ያቀናበርኩት ነው። እናቲቱ እንዲህ ትላለች፦ «ምጡ ሌሊት ነው የመጣብኝ። ባሌ ገበያ እንደሄደ አልተመለሰም። አማቴ ‹ትንሽ ታገሺ› አለችኝ። እኔስ ብሆን፣ ምን ብዬ ሰው አስቸግራለሁ በዚያ ጨለማ? ጎረቤቶቼ መጥተው ማርያም ማርያም አሉልኝ። ማርያም ማረችኝ፤ በሰላም ተገላገልኩ።»

ይህ ንግግር ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለኮድ ሰጪ ቢቀርብ መጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው ማርያም የሚለው ስም ነው። አንዴ ሳይሆን ሦስቴ ተጠርቷል። ኮድ ሰጪው «ሃይማኖታዊ እምነት» የሚል ኮድ ያወጣና ከሥሩ «ጤና ተቋም እንዳትሄድ ያደረጋት ምክንያት» ብሎ ይጽፋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም ስሕተት የለበትም። ሪፖርቱም «እናቶች በቅድስት ማርያም ርዳታ ስለሚተማመኑ ወደ ጤና ጣቢያ አይሄዱም» ይላል። ከዚያ አንድ ቢሮ ቀሳውስትን ሰብስቦ ሥልጠና ለመስጠት በጀት ይይዛል።

እዚህ የተቀመጣችሁ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የወለደችን ሴት ለመጠየቅ በገባን ጊዜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። ሆስፒታል ወልዳ፣ በኦፕሬሽን ወልዳ፣ ራሷ ሐኪም ብትሆንም እንዲሁ ነው የምንላት። «ማርያም ማረችኝ» ማለት «በደኅና ወለድኩ» ማለት ነው። በውስጡ እምነት አለ፤ ትልቅ እምነት አለ። ቤት የመውለዷን ምክንያት ግን አይናገርም። ስለዚህ በእኛ መዝገብ ውስጥ «ሃይማኖታዊ ምክንያት» ከሚለው ኮድ አጠገብ፣ መቼ አይሰጥም በሚለው ዓምድ፣ እንዲህ ተብሎ መጻፍ አለበት፦ «ማርያም ማረችኝ፣ እግዜር ይመስገን፣ አላህ ይመስገን የሚሉ የደስታና የምስጋና ቃላት ብቻቸውን ሲመጡ ይህ ኮድ አይሰጥም።» ይህቺ አንዲት መስመር አንድ የተሳሳተ ሪፖርት ታስቀራለች።

ታዲያ ምክንያቱ የት አለ? በእናቶች ጤና ጥናት የታወቀ አንድ ማዕቀፍ አለ። ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ እናት በወሊድ ምክንያት የምትሞተው በሦስት መዘግየቶች መሆኑን አሳዩ፦ ለመሄድ በመወሰን፣ መንገድ ላይ፣ ተቋሙ ከደረሱ በኋላም ሕክምናውን በማግኘት። እኛም ሥራ ስንጀምር እነዚህን ሦስቱን አስቀድመን በመዝገቡ እናሰፍራለን። ከንድፈ ሐሳብ የመጡ ኮዶች ይባላሉ። «ባሌ አልተመለሰም»፣ «አማቴ ታገሺ አለችኝ» የሚሉት በመጀመሪያው ሥር ይገባሉ፤ የውሳኔው ባለቤት ማን እንደሆነ ይነግሩናል። ሌሊቱና ጨለማው ወደ ሁለተኛው ያዘነብላሉ። እስከዚህ ማዕቀፉ ይሠራል።

«ምን ብዬ ሰው አስቸግራለሁ» የሚለው ግን የትም አይገባም። ማንም አልከለከላትም። ጤና ጣቢያውን አልጠላችውም። መንገዱ ሩቅ መሆኑ እውነት ነው፣ እሷ ግን ያነሣችው መንገዱን አይደለም፤ ሰዎቹን ነው። በገጠር ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ማውጣት ማለት የሰፈሩን ወንዶች መቀስቀስ፣ ቃሬዛ ማዘጋጀት፣ ስምንትና ዐሥር ሰው እየተፈራረቀ ዳገትና ቁልቁለት መሸከም ማለት ነው። በማግሥቱ እነዚያው ሰዎች እርሻ ይጠብቃቸዋል። ይህ ሁሉ በዚያች በአንዲት ሐረግ ውስጥ አለ። እንግዲህ አዲስ ኮድ መውጣት አለበት፤ ከንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ከእናቲቱ አፍ። ስሙንም ከአፏ እንውሰደው፦ «ሰው ላለማስቸገር»።

አሁን መዝገቡ ላይ እንጻፈው። አጭር ፍቺው፦ ሌሎችን ላለማድከም ሲባል ርዳታ ሳይጠይቁ መቅረት ወይም መዘግየት። ሙሉ ፍቺው፦ ተናጋሪዋ አገልግሎቱ መኖሩን ታውቃለች፣ ሊጠቅማት እንደሚችልም አትክድም፤ ነገር ግን እዚያ ለመድረስ የሌላውን ጉልበት፣ ገንዘብ ወይም እንቅልፍ መጠየቅ ከብዷታል። መቼ ይሰጣል፦ የሚደክመው ሰው በግልጽ ወይም በጥቆማ ሲነሣ። መቼ አይሰጥም፦ ሌላ ሰው ከልክሏት ከሆነ፤ ያ «የውሳኔ ባለቤት» ነው። የባለሙያ ቁጣ ፈርታ ከሆነም አይሰጥም፤ ለእሱ ሌላ ኮድ አለ። ምሳሌ፦ «ምን ብዬ ሰው አስቸግራለሁ በዚያ ጨለማ?» ከሥሩ ኮዱ የወጣበት ቀንና ያወጣው ሰው ስም ምሕፃረ ቃል ይጻፋል። ከዚህ ቀን በፊት የተነበቡ ቃለ መጠይቆችም እንደገና ይነበባሉ፤ አዲስ ኮድ ሲወለድ የኋላውን ገጽ ሁሉ ዳግም ያስገልጣል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ሥራ ይዘሉታል። አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከዘለሉት አሥረኛዋ እናት የተሰማችውን ያህል የመጀመሪያዋ አልተሰማችም ማለት ነው።

ከዚህ ወደ ሌላው ነጥቤ እሻገራለሁ፤ ስለ አለመስማማት። በቡድን ሲሠራ ሁለት ሰዎች ያው ቃለ መጠይቅ ተሰጥቷቸው ለየብቻ፣ ሳይነጋገሩ ኮድ ይሰጣሉ። ከዚያ ይተያያል። ስምምነታቸውን በቁጥር የሚገልጽ ካፓ የተባለ ስሌት አለ፤ ጄኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ነው። ሁለት ሰዎች እንዲያው በአጋጣሚም ሊስማሙ ስለሚችሉ፣ ስሌቱ ያንን ቀንሶ የቀረውን ይሰጣል። 1 ከሆነ ሙሉ ስምምነት ነው፣ 0 ከሆነ ከአጋጣሚ አይሻልም። መጽሔቶች ይህን ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ተማሪዎችም ከፍ ያለ ቁጥር ለማግኘት ይጨነቃሉ። እኔ ቁጥሩን አልጠላም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች «ማርያም ማረችኝ» የሚለውን አብረው በስሕተት «ሃይማኖታዊ ምክንያት» ቢሉት ካፓው ስሕተቱን አያሳይም። መስማማት ትክክል መሆን አይደለም። ቨርጂኒያ ብራውንና ቪክቶሪያ ክላርክ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ደግሞ ከዚህም አልፈው፣ አንባቢው በራሱ ልምድ ትርጉም የሚያፈልቅበት የጭብጥ ትንተና እንዲህ ባለ የስምምነት ቁጥር እንደማይለካ ይከራከራሉ። ከእነሱ ጋር ሙሉ በሙሉ አልሄድም፤ ውጤቱ ለጤና አገልግሎት መመሪያ የሚውል ከሆነና ብዙ ሰው ከሠራበት መዝገብ ያስፈልገናል። ልኩን ግን ከቁጥሩ ይልቅ ባልተስማማንበት ቦታ እፈልገዋለሁ።

አንድ ጊዜ ከባልደረባዬ ጋር በዚሁ ዓይነት ሐረግ ላይ ግማሽ ቀን ተከራክረናል። እሷ «ይሉኝታ ነው» አለች። እኔ አይደለም አልኩ። ሻይ እየቀረበ እየተነሣ፣ ወረቀቱን ወዲያ ወዲህ ስናገላብጥ ዋልን። በመጨረሻ ቃሉን ራሱን ፈታነው፤ ይሉኝታ «ይሉኛል» ከማለት የመጣ ነው፣ የሰው አፍ መፍራት ነው። ሰው ላለማስቸገር ግን የሰውን ድካም ማሰብ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ መፍትሔው ምስጢርና ክብር የሚጠብቅ አገልግሎት ነው። ሁለተኛው ከሆነ መፍትሔው ሸክሙን ከጎረቤት ትከሻ የሚያነሣ ነገር ነው፤ ምጡ ሳይመጣ በጤና ጣቢያው አጠገብ እናቶች የሚቆዩበት ማቆያ ቤት፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሣ አምቡላንስ፣ ተራ የወጣለት የእድር ሸክም። ሁለት ቃላትን መለየት ሁለት የተለያዩ በጀቶችን መለየት ሆነ። ያን ቀን ካፓችን ዝቅተኛ ነበር። ከዚያ ቀን የበለጠ የተማርኩበት ቀን ግን አላስታውስም።

በአንድ ቃል ፍቺ ላይ እንዲህ መቆየት ለእኛ ባዕድ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የመጻሕፍትን ትርጓሜ ሲያስተምሩ ንባቡን በግእዝ ያነባሉ፣ ፍቺውን በአማርኛ ይሰጣሉ፤ ከአንድ በላይ ፍቺ ሲኖር «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ ደግመው «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያስከትላሉ። አንዱ ፍቺ ሌላውን አይደመስሰውም። ንባቡ ቅዱስ መጽሐፍ ነው፣ የእኛ ወረቀት ቃለ መጠይቅ ነው፤ ላነጻጽራቸው አይዳዳኝም። የሚያስቀናኝ ጥንቃቄው ነው። በእኛ መዝገብም አንድ ንግግር ሁለት ኮድ ሊይዝ ይገባል፤ ያልተቋጨ ክርክርም «አንድም» ተብሎ ተጽፎ ሊቆይ ይገባል እላለሁ።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ ዛሬ ምሽት ከሁሉ በላይ የማምንበት ነገር ይህ ነው። በአገራችን ብዙ ጥናት እንዲህ ይሠራል፦ ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ ይደረጋል፤ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል፤ ኮድ የሚሰጠው ለትርጉሙ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። የመመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ አማካሪውና የገንዘብ ሰጪው ቋንቋም እንግሊዝኛ ነው። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ታካሚ «ልቤን ያቃጥለኛል» ያለችውን ተርጓሚው «የልብ ሕመም» በሚል እንግሊዝኛ ጻፈው፤ እኔም ድምፁን ሳልሰማ ከልብ በሽታ ምልክቶች ጋር ኮድ ሰጠሁት። ሴትዮዋ የተናገረችው ስለ ጨጓራዋ ነበር። ስሕተቱን ያገኘሁት ለሌላ ጉዳይ ቅጂውን ስሰማ ነው፤ እጇን ደረቷ ሥር አድርጋ እንዳሳየች ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ነበር። ደነገጥኩ። የቀሩትን ቅጂዎች ሁሉ ከመጀመሪያው እንደገና ሰማሁ።

«ምች» ስትል አንዲት እናት ፀሐይ መቶት በዳማከሴ የሚታሸውን ሕመም ነው ወይስ «የሳንባ ምች»ን፣ ሕፃን የሚገድለውን? በእንግሊዝኛው ሁለቱ አንድ ሆነው ከመጡ ልዩነቱን ማንም ኮድ አይመልሰውም። ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ቃለ መጠይቁ በተደረገበት ቋንቋ ይገልበጥ፣ በዚያው ቋንቋ ኮድ ይሰጥ፣ መዝገቡም በዚያው ይጻፍ። ለኅትመት የሚመረጡት ጥቂት ጥቅሶች ብቻ መጨረሻ ላይ ይተርጎሙ። በብዙ ቋንቋ የተሠራ ጥናት ከሆነ ፍቺው የጋራ ይሁን፣ ምሳሌው ግን በእያንዳንዱ ቋንቋ እንደተነገረ ይቀመጥ። የግእዝ ፊደል ኮምፒውተር ላይ ከተመቸ ብዙ ዓመት ሆነ፤ «ሶፍትዌሩ አይቀበልም» የሚለው ምክንያት አልቋል።

በቅንፍ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። መዝገቡ ውስጥ የምንጽፈው ምሳሌ የሰው ቃል ነው። አንድ ቀበሌ ትንሽ ነው፤ «መንታ የወለደችው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት» ብሎ ስም ሳይጠሩ ሰውን ማጋለጥ ይቻላል። ምሳሌ ስንመርጥ ቃሉን እንጂ ባለቤቱን የማያሳየውን እንምረጥ።

ከመቀመጤ በፊት ወደ እናታችን ልመለስ፤ መዝገቤ ውስጥ ሳይዘጋ ያቆየሁት አንድ ገጽ አለ። «ምን ብዬ ሰው አስቸግራለሁ» ባለችው ውስጥ «ምን ብዬ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በአንድ ልብ አልሰማቸውም። «እኔ ማን ሆኜ፣ ለእኔ ሲባል ሰው ይድከም?» ማለቷ ሊሆን ይችላል። አንድም፣ «ሰው ሁሉ ተነሥቶ፣ ቃሬዛው ተዘጋጅቶ፣ ምጡ የእውነት ሳይሆን ቢቀርስ ምን ልል ነው?» ማለቷ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ከሆነ ስለ ሴቶች ዋጋ ለራሳቸው መናገር ይኖርብናል። ሁለተኛው ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እውነተኛውን ምጥ ከሐሰተኛው የሚለዩበትን ምልክት አስቀድማ ብታሳያቸው፣ ለጎረቤቶቹም በከንቱ ተነሥቶ መመለስ ነውር እንዳልሆነ ብትነግራቸው ብዙ ይቀላል። በአዳራሹ ውስጥ ገጠር ያደጋችሁ፣ እናቶቻችሁ እንዲህ ሲሉ የሰማችሁ፣ ራሳችሁም በምጥ ሰዓት ይህን ያላችሁ አላችሁ። በጥያቄው ሰዓት እናንተ እንዴት እንደምትሰሙት ንገሩኝ፤ መዝገቡ ከፊቴ ነው፣ እጽፈዋለሁ።